ባለፈው ማክሰኞ

ባለፈው ክረምት ዲላ ነበርኩ። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ጀምሮ እስከ ማታ የማያባራበት ሰሞን ስለነበር፣ በአክስቴ ልጅ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቡና ከመጠጣትና ስልክ ከመነካካት በቀር የምንሠራው አልነበረም። የአክስቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ወንድ ልጅ አላት። ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ «ልጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ስለ ጌዴኦ ተፈናቃዮች ያወጣው ረጅም ጽሑፍ በድረ ገጹ ላይ አገኘሁና «እስቲ ይህን አንብበው» ብዬ ስልኬን ሰጠሁት። ለልጁ ባዕድ ወሬ አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ከቀርጫ ወደ ገደብ ከሸሹት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው።

ግማሽ ደቂቃ የቆየ አይመስለኝም። በአውራ ጣቱ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረገና ስልኩን መለሰልኝ።

«ጨረስከው?» አልኩት።

«አይ ጋሼ፣ አልጨረስኩትም።»

የዘንድሮ ልጅ ትዕግሥት የለውም የሚለውን የተለመደ ስብከቴን ልጀምር አፌን ስከፍት፣ «መቼ የተጻፈ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ተቀብዬ አየሁ። ጽሑፉ የሚጀምረው «ባለፈው ማክሰኞ» ብሎ ነው። የየትኛው ዓመት፣ የየትኛው ወር ማክሰኞ እንደሆነ የሚናገር አንዳች ነገር የለም። ከገጹ አናት ላይ በትልቁ የተጻፈው ቀን ደግሞ እኛ በረንዳው ላይ የተቀመጥንበት የዚያው ዕለት ቀን ነው። «የመጀመሪያው ጊዜ ከሆነ እኛም እዚያው ነበርን፤ ሁለተኛው ከሆነ ግን ዲላ ገብተናል» አለ ልጁ። የራሱን ታሪክ እንዳያነብ ያደረገው ስንፍና አልነበረም። ስለ እርሱ ይሁን ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መሆኑን ማወቅ አልቻለም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው። ጋዜጠኞችና ምሁራን በተገናኙበት ቦታ ሁሉ የሚወርድ ሙሾ አለ፤ አንባቢ ጠፋ፣ ወጣቱ ርእስ ብቻ አይቶ ያልፋል፣ ቲክቶክ ትውልዱን በላው። እኔም ከሙሾ አውራጆቹ አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነገሩን ከሌላው ጫፍ ማየት ጀመርኩ። ጋዜጦቻችን በኢንተርኔት አንባቢን መያዝ ያልቻሉት፣ እነርሱ ራሳቸው አንድን ጉዳይ ይዘው መቆየት ስለማይችሉ ይሆን?

በቅድሚያ ያለፈውን ዘመን ከሚገባው በላይ እንዳላሞግስ ልጠንቀቅ። እኔ ዲላ ባደግሁበት ጊዜ ጋዜጣ የሚመጣው በአውቶቡስ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቅዳሜ የሚወጣው አዲስ አድማስ እኛ ዘንድ የሚደርሰው እሑድ ሲመሽ፣ ሲብስም ሰኞ ነበር። የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚከራየው ግን ብዙ። መናኸሪያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ አዟሪው ዓይኑን ሳይነቅልብን፣ ከፊተኛው ገጽ እስከ ጨረታው ድረስ እናነብ ነበር። ዛሬ ያንን እያስታወስን «የእኛ ትውልድ አንባቢ ነበር» እንላለን። እውነቱን ለመናገር የከፈልንበት ሰዓት እንዳያልፍብን ነበር የምንጣደፈው፤ ሌላ የሚነበብ ነገርም አልነበረም። ደግሞም አብዛኛው ሰው የሚከራየው ለርእሰ አንቀጹ አልነበረም። እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት ይዞ የሚቀመጠው ሰው የሚፈልገው የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነበር። ርእሰ አንቀጹን የሚያነብበው ሥራ ሲያጣ ነው።

ኢንተርኔት ሲመጣ ከጋዜጣው መጀመሪያ የተገነጠለው ያ ማስታወቂያ ሆነ። ክፍት የሥራ ቦታ ወደ ኢትዮጆብስና መሰሎቹ፣ ጨረታውም ጨረታ ብቻ ወደሚለቅሙ ገጾች፣ ኋላም ሁሉም ተጠቃሎ ወደ ቴሌግራም ቻናሎች ሄደ። ጋዜጣው በአንድ ጊዜ ገንዘቡንም ሥራ ፈላጊውንም አጣ። የቀረለት ዜናውና ሐተታው ነው፤ እነርሱ ብቻቸውን ሰውን ከድንጋይ ላይ እንዳይነሣ አድርገው የሚይዙ ሆነው ተሠርተው አያውቁም ነበር።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ያኮብ ኒልሰን የተባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪ በ2006 እ.ኤ.አ. የ232 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ፣ ሰው ድረ ገጽን የሚያየው የላቲኑን «ኤፍ» ፊደል በሚመስል መንገድ መሆኑን አሳየ፤ ከላይ አንድ አግድም፣ ዝቅ ብሎ አጠር ያለ ሌላ አግድም፣ ከዚያ በግራ በኩል ቁልቁል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጋዜጣ ድረ ገጾችን ንባብ የሚለካው ቻርትቢት የተባለው ድርጅት ኃላፊ ከ100 ጎብኚዎች 55ቱ በአንድ ገጽ ላይ በንቃት የሚቆዩት ከ15 ሴኮንድ በታች ነው ብሎ ጻፈ። ልጁ እንግዲህ ከአሜሪካኖቹ ሳይሻል አይቀርም። ሄርበርት ሳይመን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ገና በ1971 እ.ኤ.አ. መረጃ የሚበላው የተቀባዩን ትኩረት ስለሆነ መረጃው በበዛ ቁጥር ትኩረት ይደኸያል ብሎ ነበር። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን መረጃ በዝቶበት የሚሸሽ ሰውና የፈለገውን አጥቶ የሚሸሽ ሰው አንድ አይደሉም። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ይበዛል ባይ ነኝ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። በአንድ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ የዞናችንን ስም ፈልጉ። «ጌዴኦ» ብላችሁ ስትጽፉ የሚወጣው «ጌዲኦ» ስትሉ ከሚወጣው ይለያል፤ «ጌዴዖ» እና «ጌድኦ» ብለው የጻፉም አሉ። ማሽኑ እንደ ሰው አይደለም፤ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ፣ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ አያመሳስልም። አንድ ዝግጅት ክፍል የቦታ ስሞችን በአንድ ዓይነት ሆሄ እንዲጽፍ የሚያደርግ መመሪያ ለማውጣት ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ጉዳዩ የሚመለስበት ነው ብሎ ማሰብ ግን ያስፈልገዋል። በ1990ዎቹ ጽሑፉ የሚለጠፈው በፒዲኤፍ ወይም እንደ ፎቶግራፍ ሆኖ ነበር፤ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ የገባ ቢሆንም፣ የኢንተርኔት ካፌው ኮምፒውተር ፊደሉ ስላልተጫነበት የሚያሳየን ባዶ ሣጥን ነበር። ያን ጊዜ ምክንያት ነበረ እንበል። ዛሬ ልጁ በኪሱ የያዘው ስልክ አማርኛውን አጥርቶ ያነባል። የጋዜጣው ጽሑፍ ግን አሁንም ከወረቀቱ እንዳለ የተገለበጠ ነው። «ባለፈው ማክሰኞ» የሚለው ለረቡዕ ጋዜጣ ትክክል ነበር፤ ወረቀቱ ራሱ ቀን አለው፤ ሐሙስ ደግሞ ስኳር ይጠቀለልበታል። በድረ ገጽ ላይ ግን ለዘላለም ባለፈው ማክሰኞ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጊዜማ በጽሑፍ መካከል «ወደ ገጽ 30 ዞሯል» የሚል አግኝቼ፣ ገጽ 30ን ለመፈለግ ስልኬን ያገላበጥኩት ነገር አይረሳኝም።

ደግሞ የፖለቲካው ነገር አለ፤ ይህን ሳያነሡ ስለ አንባቢ ትዕግሥት ማውራት ግፍ ነው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2010 ዓ.ም. በአገራችን ብዙ ድረ ገጾች ታግደው ኖረዋል። አዲስ ነገር ጋዜጣ በኅዳር 2002 ዓ.ም. አዘጋጆቹ አገር ጥለው ሲወጡ ተዘጋ። ፍትሕ በ2004 ዓ.ም. ክረምት ቆመ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። አንባቢው የለመደው ገጽ በነጋታው «ሊከፈት አልቻለም» ይለዋል። እንዲህ ያለ አንባቢ ከአንድ ገጽ ጋር ዝምድና አይፈጥርም። የሚፈልገውን በየትም በኩል ሾልኮ ያገኛል፤ ከጓደኛው በፒዲኤፍ፣ ከፌስቡክ በተቀነጨበ አንቀጽ። ቤቱን ሳይሆን መስኮቱን ነው የለመደው።

ከዚያ ሰኔ 2010 ዓ.ም. መጣ። አዲሱ መንግሥት 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች መከፈታቸውን አስታወቀ። ሰኔ 16 ቀን መስቀል አደባባይ በሕዝብ ተጥለቀለቀ፤ ቦምብም ተወረወረበት። በሐምሌ መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስመራ ገቡ። እንደዚያ ሰሞን ጋዜጣ ያነበብኩበት ጊዜ የለም። በዚያው ሰሞን በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ከሚያዝያ ጀምሮ ሲነድ የነበረው ግጭት ዳግም ፈነዳ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጣ፤ የሚበዙት ጌዴኦዎች ነበሩ፣ ጉጂዎችም በብዛት ተፈናቅለዋል። የአገር ውስጥ መፈናቀልን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ማዕከል ባወጣው መዝገብ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በግጭት ምክንያት ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደ አዲስ የተፈናቀለባት ኢትዮጵያ ከዓለም አንደኛ ነበረች።

እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ስልክ አይሠራም። ጧት ጧት ቢሮ እንደገባሁ የማውቃቸውን የጋዜጣ ድረ ገጾች አንድ በአንድ እከፍታለሁ። ስለ ፍቅርና ስለ መደመር ብዙ አነበብኩ። ስለ እኛ ያገኘሁት «በአዋሳኝ አካባቢዎች» የሚል አንድ ሁለት አንቀጽ ነበር። አዋሳኝ ማለት የት ነው? ቀርጫ ነው? ሐምበላ ነው? እናቷን ይዛ የወጣች ሴት በየት በኩል ነው የምትመጣው? የቀበሌ ስም የሚጠራ ጽሑፍ አጥቼ ወደ ፌስቡክ ሄድኩ። እዚያ የቀበሌ ስም ነበረ፤ የሰው ስምም ነበረ። ውሸትም ነበረ። እኔ ራሴ «ይኸው የወገኖቻችን ሁኔታ» ብዬ ያጋራሁት አንድ ፎቶግራፍ የሌላ አገር ፎቶ ሆኖ ተገኘ። አንድ የማላውቀው ሰው ነገረኝና በሁለተኛው ቀን አነሣሁት። በሁለት ቀን ውስጥ ስንቱ ሰው እንደተቀባበለው አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል። ሐሰተኛ ፎቶ አሰራጭ ያደረገኝ አእምሮዬ አንድ ነገር ላይ መቆየት አቅቶት አልነበረም። በዕድሜዬ እንደዚያ ወር አንድ ነገር ላይ ተክዬ የቆየሁበት ጊዜ የለም። ዓይኔን የማሳርፍበት የታመነ ገጽ ነበር ያጣሁት።

ሬፊዩጂስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ስለዚሁ መፈናቀል ሪፖርት ሲያወጣ «ከርእሰ ዜናዎች ሥር ያለው ቀውስ» የሚል ስም ሰጠው። ከዚህ የተሻለ ስም አይወጣለትም። ከርእሰ ዜናው ሥር ወጥቶ አገር ያየው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ከገደብ ወረዳ፣ ከጎቲቲ የመጡ የከሱ ሕፃናት ፎቶግራፎች በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጩ፤ አገር ተደናገጠ፤ እርዳታ ተጫነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም እዚያው ድረስ ሄዱ። ጋዜጦቹም ጻፉ፤ ደህና ጽሑፍ የጻፉ አሉ። ልጁ ግማሽ ደቂቃ ያየው ያ ረጅም ጽሑፍም ሳይሆን አይቀርም የዚያ ሰሞን ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፌስቡክ ለጋዜጣው አንባቢ አልነጠቀበትም። አንባቢው የቆመበትን ቦታ ነው ያሳየው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. መጠለያዎቹ ሲፈርሱና ሰዉ «ወደ ቀዬው ተመለሰ» ሲባል ደግሞ ወሬው ተቋረጠ። ስንቱ በፈቃዱ ተመለሰ፣ ስንቱ ቤቱ ተቃጥሎ አገኘው፣ ስንቱ የቡና ማሳውን ሌላ ሰው ሲለቅመው አየ፤ በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ፣ ቀን በቀን ተመዝግቦ የተቀመጠበት የጋዜጣ ገጽ ፈልጌ አጥቻለሁ።

መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር እንደገና በየገጹ ታየን። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ትልልቁ ዛፍ፣ የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ግን የቅርሱ ዜና ስለ መፈናቀሉ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የመፈናቀሉ ዜና ስለ ይርጋጨፌ ቡና ዋጋ አያውቅም። በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ ሦስት ጌዴኦዎች አሉ፤ እርስ በርስ አልተዋወቁም። አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበት በር ስለሌለ አንዱን አይቶ ይወጣል።

«ጋዜጠኛው ምን ያድርግ?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። የግል ጋዜጦቻችን መቀመጫ አዲስ አበባ ነው። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ አንገታቸውን አንቆ ይዟቸዋል። በዲላ ቋሚ ዘጋቢ ማኖር ቀርቶ ለአንድ ጉዞ የመኪና ነዳጅ ማውጣት ለዝግጅት ክፍሉ ፈተና ነው። ያም ሆኖ ጽሑፉን ቀን ለማስያዝ፣ የቆየውን ከአዲሱ ጋር ለማያያዝ ነዳጅ አያስፈልግም። በዚህ በኩል የምሰማው ማመካኛ አይዋጥልኝም።

ነገሩ ፌስቡክን በመዝጋት አይስተካከልም፤ ይህም ተሞክሮ ታይቷል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ ጋዜጣውም አብሮ ጠፋ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ግን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ሲቆዩ፣ የጋዜጦቹ ድረ ገጾች ክፍት ነበሩ። ከአምስት ወር በላይ ተፎካካሪ የሌለበት ሜዳ ማለት ነው። ታዲያ ሰው ወደ ጋዜጣው ሮጠ? የማውቃቸው ሁሉ የሮጡት ቪፒኤን ፍለጋ ነው። የሰባ ዓመት ጎረቤቴ ሳይቀሩ የልጅ ልጃቸውን አስጭነው ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ የጌዴኦን ገበሬ ተመልከቱ። ቡና በሚለቀምበት ወራት የእሸት ቡና ዋጋ በየቀኑ ይጠየቃል፤ የዛሬው ከትናንቱ፣ የይርጋጨፌው ከወናጎው ይነጻጸራል። የአዲስ አበባውን የምርት ገበያ ዋጋ በስልክ የሚጠይቅ አለ፤ የኒውዮርኩን የሚያውቅ ነጋዴም ዲላ ውስጥ አይታጣም። ፊደል ያልቆጠረው ሰው እንኳ ልጁን አስነብቦ ይሰማል። አንድም ቀን አያመልጠውም። ይህ ሕዝብ ትኩረት የለውም የሚለኝ ካለ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይምጣና ይይ። ዋጋውን የሚከታተለው ትናንት የነበረው ዛሬ እንደሚቀጥል፣ ዛሬ ያየውም ነገ ከሚያየው ጋር እንደሚያያዝ ስለሚያውቅ ነው። ጋዜጣው ይህን ዋስትና ሰጥቶን አያውቅም።

ያን ዕለት ማታ መብራት ነበረ፤ ይህም በክረምት ዲላ ትልቅ ነገር ነው። የአገኘሁትን ሁሉ አንድ ላይ ለማምጣት ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። በአራቱም አጻጻፍ ፈለግሁ። ቀን የሌላቸውን ጽሑፎች በውስጣቸው ባለው ነገር ገምቼ ዓመት ሰጠኋቸው፤ አንዱን በተጠቀሰው ባለሥልጣን ማዕረግ፣ ሌላውን በዝናቡ ወቅት። ከልጁ ደብተር ሁለት ቅጠል ገንጥዬ ከሚያዝያ 2010 እስከ ግንቦት 2011 ዓ.ም. ያለውን በቅደም ተከተል ጻፍኩ። «ባለፈው ማክሰኞ» የሚለውን ጽሑፍ ከመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሥር አስገባሁት።

ልጁ ወረቀቱን ወስዶ አምፖሉ ሥር ቆሞ አነበበው፤ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ጮክ ብሎ ለእናቱ ያነብላት ጀመር። እርሷ ጓዳ ውስጥ ቆጮ እየጋገረች ነበር። ሚያዝያ ላይ «ከቀርጫ የወጡት ገደብ ገቡ» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፅዋ ከውስጥ መጣ።

«መች በአንድ ቀን ሆነና! ሁለት ሌሊት ጫካ አድረናል፤ እርሱን የጻፈ የለም?»

ልጁ ወደ እኔ ዘወር አለ። እስክሪብቶውን ሰጠሁትና በመስመሩ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ መጻፍ ጀመረ። «የትኛው ሌሊት ነበር እማዬ? ቀኑን ንገሪኝ» ይላታል፤ እርሷም ከጓዳ «ቆይ ላስታውስ፣ ከፋሲካው በኋላ ነው» ትላለች።